የሙህዬ ላይቺና የሉባባ አመድ

ቢስሚላህ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔ የምረሳ ሴት አይደለሁም። እናትሽ የተወለደች ቀን የዘነበውን ዝናብ ጠብታ በጠብታ ቆጥሬ ልነግርሽ እችላለሁ። እኩዮቼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቤት ሲያገላብጡ፣ እኔ የእነሱም መነጽር የት እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ "ይኼስ ተጨምሮበታል" የምትለዋን ምላስሽን ሰብስቢና ስልኩን ከጆሮሽ ሳታርቂ ስሚ።

በአንዲት አሮጌ ከተማ፣ ስሟ ይቅርብሽ፣ ሸህ ቡሽራ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ዕውቀታቸው ሰፊ፣ ዓይናቸው ደካማ። ኪታቡን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ያነባሉ፤ ከክንድ የራቀውን ነገር ሁሉ ግን በግምት ነው የሚያዩት። አንድ ቀን ለታሰረ ፍየል "አሰላሙ ዐለይኩም" ብለው መልስ ቢያጡ፣ "ይኼ ሰው በምን ተቀየመኝ?" እያሉ ሲጨነቁ ውለዋል። ይኼን አልጨመርኩም።

ለአማና ግን እንደሳቸው ያለ አልነበረም። ሩቅ የሚሄድ ሰው የሚሳሳለትን ነገር እሳቸው ዘንድ አስቀምጦ ነው የሚሄደው። ቁልፍ የሚሰጥ አለ፣ ኪታብ የሚሰጥ አለ፤ አንዱማ አማቱን አስቀምጦ ሄዶ ሰባት ዓመት ቀርቷል። እሺ፣ ሁለት ዓመት ነው። ሴትየዋን ለሚችል ሰው ግን ሰባት ያህል ነበር።

ሚስታቸው ሉባባ ትባላለች። ደረቅ ዱላ ብትተክል ይጸድቅላታል የሚባልላት ሴት ናት። ከቤቷ ጓሮ ጎመን አለ፣ ዱባ አለ፣ ሎሚ አለ፣ ጤና አዳም አለ። መድኃኒቷም አንድ ብቻ ነው፤ አመድ። ጎመኑን ትል በላው? አመድ። ዱባው ጠወለገ? አመድ። እናቷ ያስተማረቻት እንደዚያ ነው፣ እናቷንም እናቷ። ሸሁ ራሳቸው ጓሮ ብዙ ከቆሙ ይነሰነስባቸዋል እያለ ሰው ይቀልድ ነበር።

እዚያው ሰፈር ሙህዬ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሚስቱ ዙልፋ ታማበት ባሕር ዳርቻ ካለው የወደብ ከተማ ድረስ ለሕክምና ወሰዳት። እህል አልወርድ አላት። ያረፉበት ቤት ባለቤት አንድ ቀን በመርከብ የመጣ ፍሬ አቀረበችላት። ላይቺ ይሉታል። ቅርፊቱ ቀይና ሻካራ፣ ልክ የእንሽላሊት ቆዳ፤ ሲልጡት ግን ውስጡ ተቀቅሎ እንደተላጠ እንቁላል ነጭ፣ ጭማቂው እስከ ክርን የሚወርድ። ዙልፋ በዚያ ሁሉ ጊዜ የበላችው እሱን ብቻ ነው። አራት ፍሬ በላች። ከዚያ የሚያብረቀርቀውን ዘር በባሏ መዳፍ ላይ አስቀምጣ "ይኼን ቤታችን ትከልልኝ" አለችው። በሦስተኛው ቀን ወደ አኺራ ሄደች።

የዚያ ፍሬ ዘር እንደ ባቄላ በከረጢት ተይዞ የሚከርም አይደለም። ጥቂት ቀን ከደረቀ ይሞታል። ይኼን የነገረችው ያቺው የቤቱ ባለቤት ናት። ሙህዬ ዘሩን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተና አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በየምንጩ እያረጠበ መጣ። ከተማው ሲገባ ሸሚዙ ከልቡ በኩል ርሷል። ያየው ሁሉ "ኧረ የዚህስ ሰው ሐዘን በውጭ ወጣ!" አለ።

ዘሩ በቀለ። አንገቱ በተሰበረ እንስራ፣ ሥሩን በስቶ ተከላት። በሁለት ዓመቷ ክንድ አከለች። የዚያን ዓመት ሙህዬ ለዙልፋ ሐጅ ሊያደርግላት በልቡ ነየተ። በዚያ ዘመን ሐጅ በእግር፣ በግመል፣ በመርከብ ነው፤ ስምንት ወር ይፈጃል። በረጀብ ወር እንስራውን ታቅፎ ሸህ ቡሽራ ደጅ መጣ።

"ሸሁ፣ ልጅ የለኝም። ዙልፋ የተወችልኝ ይቺን ነው" አለ።

"አማናህን ተቀብያለሁ" አሉ ሸሁ።

ከዚያ አያያዟን ነገራቸው። እርጥበት እንጂ ጭቃ አትወድም። የጧት ፀሐይ እንጂ የቀትር አይምታት። ነፋስ ስለሚፈጃት ከግድግዳ ጥግ ትሁን። አፈሯን የበሰበሰ ቅጠል ይልበስላት። ዝናብ ሲገኝ የዝናብ ውኃ ጠጥታ ትደር። ብርድ ሲጠና ጆንያ ጣል ይደረግባት። ሰባተኛውና ዋናው፤ አመድ በፍጹም አይንካት፣ ሥሯን ያቃጥለዋል።

ሸሁ ሰባቱን እንደ ሐዲስ በቃላቸው ያዙ። ገብተውም እልፍኝ ተቀምጠው፣ ሉባባ በር ላይ ቆማ፣ ለሷ ደግሞ አንድ በአንድ አሰሟት። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ወተቱ ገነፈለ። ሉባባ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሸሁ ደግሞ ከክንድ የራቀ አያዩም አላልኩሽም? ሰባተኛውን ለበሩ ነገሩት። በጥሩ ድምፅ፣ ከነማብራሪያው። በሩም አልተቃወመ።

ሉባባ ላይቺዋን እንደ አራስ ያዘቻት። ከጫካ የበሰበሰ ቅጠል በጉያዋ አመጣችላት፣ የዝናብ ውኃ በገንዳ አቆረችላት፣ ጆንያውን ማታ ስትጥልባት "ደህና እደሪ" ትላታለች። ያልወለደች ሴት ናት፣ አንቺ። ጧት ስትነሣ ከሸሁ በፊት የምታየው እሷን ነው። ሸሁም "ዛሬ እኔን ማን ያጠጣኝ?" ይላሉ እየሳቁ።

በሻዕባን ወር አንድ ጧት ጆንያውን አነሣች። ከጫፏ ላይ የወጡት ቅጠሎች ቀልተዋል። ቀይ፣ ልክ የመዳብ ድስት።

"ያ አላህ! ዋግ መታት!" አለች።

ስንዴ ዋግ ሲመታው ይቀላል፣ ከዚያ ይጠፋል። የምታውቀው ይኼንን ነው። የምታውቀውን መድኃኒት አመጣች፤ ከምድጃ አንድ እፍኝ አመድ። በነጋታው ሌላ እፍኝ። ቅጠሉ ጠርዙ ቡኒ ሆነ፤ በሽታው ጠንክሯል ብላ ሁለት እፍኝ። ረመዳን ገባ፤ ሸሁ ከተራዊሕ መልስ እንስራው አጠገብ እየቆሙ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሉባባ እያለቀሰች አመድ ትጨምራለች። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ከንፈሩን መጠጠ። የዒድ ጨረቃ ስትወጣ ላይቺዋ ደርቃ ቀረች።

"ሙህዬ ምን ይለኛል?" የሚለው አልነበረም ሉባባን የያዛት። እሱማ ቁጣ ነው፤ ያልፋል። እሷን የያዛት፣ ያ ሰው ከመካ መጥቶ እጁን ዘርግቶ "ዙልፋስ?" ሲል ማየት ነበር።

ይኼኔ ሸምሲያ ብቅ አለች። ሸምሲያ ጎረቤቷ ናት፤ ምክር ከአፏ ሳይጠየቅ የሚወርድ ሴት።

"ምን ያስለቅስሻል፣ እቴ? ቆላ ወንድሜ ዘንድ የማንጎ ችግኝ ሞልቷል። ቅጠሏ ረዘም ትላለች እንጂ ይቺው ናት። እሷም ስትወጣ ትቀላለች።"

"ሰው ቢያውቅስ?"

"በዚህ አገር ማን ላይቺ አይቶ ያውቃል? ማንጎም ቢሆን ፍሬውን እንጂ ዛፉን ማን ያውቃል? እስክታፈራ አሥር ዓመት ነው። እስከዚያ ወይ ሙህዬ ይሞታል፣ ወይ አንቺ ትሞቻለሽ፣ ወይ እኔ ሰበብ አገኝልሻለሁ።"

ሉባባ እሺ አለች። ማንጎዋ መጣች፣ እንስራው ውስጥ ገባች። የደረቀችውን ላይቺ ግን መጣል አቃታት። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከሎሚው ሥር ቀበረቻት። ለሸሁም "አልሐምዱሊላህ፣ አገገመች" አለች። ስትናገር ምላሷ እንጨት እንጨት አለባት።

ከዚያማ ተይኝ! ደርቃ ያዩዋት ጎረቤቶች ለምልማ አዩዋት። "ሸህ ቡሽራ በዱዓ ደረቅ ዛፍ አስነሡ!" ተባለ። "ከራማ ነው!" ተባለ። በሳምንቱ ከሰባት ቀበሌ ሰው ጎረፈ። አንዱ ክር አሰረባት። አንዷ ያልወለደች ላሟን እየጎተተች መጥታ እንስራውን ሦስት ጊዜ አዞረቻት፤ በሦስተኛው ላሚቱ ቅጠል ልትቀጥፍ ስትል ሉባባ በመጥረጊያ አባረረቻት። መጥረጊያው ሴትዮዋንም ነክቷታል ይባላል። ጉድ የሚባለው ግን የሸምሲያ ነው። ለልጇ ጆሮ ሕመም ቅጠል ልትለምን መጣች!

"አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ ያመጣሻት?" አለቻት ሉባባ ጆሮዋ ሥር።

"እሱማ እኔ ነኝ" አለች ሸምሲያ፣ "ግን ሰው ሁሉ እንዲህ የሚለው አንድ ነገር ቢኖራት ነዋ!"

ሸሁ "ተዉ፣ ስጦታው የአላህ ነው" ይላሉ። ግን ሉባባ ባሏን ታውቃቸዋለች። ጥምጣማቸውን ሁለት ጊዜ መጠምጠም ጀመሩ። ሰው እጃቸውን ሲስም ቶሎ የሚስቡት እጅ፣ ትንሽ ቆይቶ መሳብ ጀመረ።

ሙህዬ ከሄደ በስምንተኛው ወር፣ በሰፈር ወር፣ በአንድ ረቡዕ፣ ከሑጃጆቹ ቀድሞ የደረሰ መልእክተኛ ሸሁ ደጅ ቆመ። "ሙህዬ ሰላም ብሏል። ጁሙዓ እገባለሁ፤ ከዕባ ሥር ለዙልፋ ባለቀስኩ ቁጥር ለዛፏም ዱዓ አድርጌያለሁ፣ ንገሩልኝ ብሏል" አለና ሄደ።

የአስር ሶላት ሊሰገድ ነው፤ ሸሁ ደጃፍ ላይ ዉዱእ ያደርጋሉ። ሉባባ ሄዳ ፊታቸው ቁጭ አለች።

"ሸሁ፣ ቢጠሉኝም ስሙኝ። እንስራው ውስጥ ያለችው ላይቺ አይደለችም። ማንጎ ናት። ላይቺዋን እኔ ገደልኳት። ቀይ ቅጠል ስታወጣ ዋግ መስሎኝ አመድ አደረግኩባት።"

ሸሁ ዉዱኡን አላቋረጡም። ቀኝ እግራቸውን አጠቡ፣ ግራውን አጠቡ። ከዚያ ዝግ ብለው ጠየቁ።

"የት አደረግሻት?"

"በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከሎሚው ሥር ቀበርኳት።"

"ሶላተል ጀናዛስ አልሰገድሽባትም?"

ሉባባ የምትስቀውም የምታለቅሰውም ጠፋት፤ ሁለቱንም አደረገች። ሸሁ ተነሥተው ወደ እንስራው ሄዱ፣ አንድ ቅጠል ቀንጥሰው በጣታቸው አሹና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

"አብሽሪ" አሉ፣ "ብቻሽን አይደለሽም። በሙሐረም ወር አንዲት ቅጠል ወድቃ አንሥቼ አሽትቻታለሁ። እኔ ቆላ ደረሳ ሳለሁ አምስት ዓመት ኪታብ የቀራሁት ማንጎ ሥር ነው። ዓይኔ ቢደክም አፍንጫዬ አልደከመም። ያን ቀን ነፍሴ 'አርጅተሃል፣ አፍንጫህም አርጅቷል' አለችኝ። ደስ ስላለኝ አመንኳት። ደግሜም አላሸተትኩ።"

ቅጠሉን ጣል አደረጉና "ለመሆኑ አመድ አይንካት ብዬሽ አልነበረም?" አሉ።

"መቼ?"

"ሰባተኛው ላይ።"

"ስድስተኛው ላይ ወተት ገንፍሎብኝ ሄድኩ እኮ!"

ሸሁ በሩን አዩት። በሩም አያቸው።

"እንግዲያው የመጀመሪያውም ጥፋት የእኔ ነው" አሉ።

ሸምሲያ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፤ አጥር ለሷ ወንበር ነው። ዘላ ገባች ልልሽ ነበር፤ ዞራ ነው የገባችው።

"ሸሁ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ማን ጠየቀዎት? መዋሸት እኮ አይደለም፤ ዝም ማለት ነው። እሱም ደስ ይለዋል፣ ከተማውም ደስ ብሎታል፣ የአንቱም ስም..."

"ሸምሲያ፣ ልጄ" አሉ ሸሁ፣ "ያ ሰው እዚህች ማንጎ ፊት ተንበርክኮ 'ያ ረብ፣ ለዙልፋ እዘንላት' ሲል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ አሚን ልበል?"

ሸምሲያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክሯን ይዛ ዞራ ወጣች።

ጁሙዓ ጧት ከተማው ሑጃጆቹን ሊቀበል ወጣ። መንዙማው ደመቀ፣ ድቤው ተመታ። ሸሁ ግን ከሁሉ ቀድመው ከከተማው ጫፍ ካለው ሾላ ሥር ሄደው ቆሙ። "ተደስቶ ከገባ በኋላ መንገር ጭካኔ ነው" ብለው ነው። ሉባባ ከኋላቸው ተከተለች። "አንቺ ቅሪ፣ በቤቴ ደረቀች እላለሁ፤ ውሸት አይደለም" ቢሏት "የእጄን በእጄ" አለች።

ሙህዬ ከርቀት ሲያያቸው ከበቅሎው ወርዶ ሮጠ። ፂሙ ሸብቷል፣ ፊቱ በርቷል። ሊያቅፋቸው ሲል ሸሁ እጃቸውን አነሡ።

"ሙህዬ፣ መጀመሪያ ስማኝ። አማናህ ደርቋል።"

ሙህዬ ሳቀ። "ሸሁ ደግሞ! መንገድ ላይ ሰምቻለሁ እኮ። ደርቃ በዱዓዎት ተነሥታለች አሉኝ።"

"የተነሣው ማንጎ ነው።"

ሉባባ ወደ ፊት ወጣች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። አመዱን፣ ማንጎውን፣ ነጩን ጨርቅ። ሙህዬ መንገዱ ላይ፣ አቧራው ላይ፣ ከነነጭ ልብሱ ቁጭ አለ። መንዙማው ከኋላ እየቀረበ ነው። ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"ቀይ ቅጠል አውጥታ ነበር አልሽኝ?"

"አዎ፣ ከጫፏ። ዋግ መስሎኝ..."

"ዋግ አይደለም" አለ ሙህዬ። "ላይቺ አዲስ ቅጠል ስታወጣ ቀይ ነው የምታወጣው። በኋላ ነው አረንጓዴ የሚሆነው። እያደገች ነበር ማለት ነው። ደህና ነበረች።"

ይኼን ሲል ሉባባ መሬት ላይ ወደቀች። ደህና ነበረች! ያን ሁሉ አመድ ያፈሰሰችው በደህና ላይ ነው። "በለኝ፣ ርገመኝ፣ እንደፈለግክ አድርገኝ" እያለች አለቀሰች።

ሙህዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

"ዙልፋ ስትታመም ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መድኃኒት አመጣላት። ሥር ያመጣ ነበር፣ ቅጠል ያመጣ ነበር። እኔም አጠጥቻታለሁ። የትኛው እንደጠቀማት፣ የትኛው እንደጎዳት እስከዛሬ አላውቅም። ስለምወዳት ነው ያጠጣኋት።" እጁን ዘርግቶ ሉባባን አነሣት። "ተነሺ፣ እቴ። አንቺም አልጠላሻትም።"

ከዚያ ወደ ሸሁ ዞረ። "ሸሁ፣ ማንም አያውቅም ነበር እኮ። ማንጎዋን ቢሰጡኝ እስክሞት ዙልፋ ናት ብዬ አጠጣት ነበር። ስምዎትም አይነካም ነበር። ለምን ነገሩኝ?"

ሸሁ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፤ ያን ቀን አንድ ዙር ብቻ ነበር። እንዲህም አሉ፤

"አማና ስትሰጠኝ ዛፏን ብቻ አይደለም የሰጠኸኝ። ብትደርቅ 'ደርቃለች' የሚልህን አፍ ጭምር ነው። ዛፏን አጠፋኋት። አፉን ደግሞ ላጥፋው?"

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሸሁ መስጂዱ ፊት ቆመው ለከተማው ሁሉ ተናገሩ። "ከራማ የለም። ማንጎ ናት። ሸትታኝ ዝም ብያለሁ፣ ዐፉ በሉኝ" አሉ። ክር ያሰረው ሰውዬ አንገቱን ደፋ። ያቺ ባለ ላሟ ግን ከሴቶቹ በኩል ጮኸች፤

"ሸሁ! ላሜ ግን አርግዛለች!"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሸሁ፣ "አላህ ሰበቡን አድርሶልሻል። ሰበቡም የጎረቤትሽ ኮርማ ነው።"

መስጂዱ በሳቅ ፈረሰ። እሺ፣ አልፈረሰም። የሸምሲያ ሳቅ ግን እስከ ገበያው ተሰምቷል። ማንጎዋንም ያመጣቻት እሷ ናትና ለሷ መለሱላት። ሙህዬና ሸሁ ደግሞ ከሎሚው ሥር ሄደው ቆሙ፤ ሉባባ በራፍ ላይ ሆና ሦስቱም ለዙልፋ ዱዓ አደረጉ። ሸሁ ሲጨርሱ አሚን ማለት አላስቸገራቸውም።

እንግዲህ የሸሁን ቃል ብዙ ሰው ሰምቶ "ሐቀኛ ነበሩ" ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ዞር ዞር ብዬ ሳስበው ሌላ ነገር አይበታለሁ። ሰው የሰጠሽን ነገር ሁልጊዜ ማዳን አትችይም። ዛፍ ይደርቃል፣ ዕቃ ይሰበራል፣ ወተት ይገነፍላል። አላህ ያንን አይጠይቅሽ ይሆናል፤ ሰው ነሽና። አፍሽ ግን አይደርቅም። እሱን የሚያደርቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ደግሞም የሚከብደው ውሸቱ አይመስለኝ፤ አሽትተን ሳለ ያላሸተትን መምሰሉ ነው። እዚያ ላይ ሸሁም ወድቀዋል፣ እኔማ የት ደርሼ! እሳቸውን ትልቅ ያደረጋቸው አለመውደቃቸው መስሎሽ ነበር? ሾላው ሥር ቀድመው ሄደው መቆማቸው ነው።

አንቺም እጅሽ ላይ የደረቀ የሰው ነገር አይጠፋም። ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ ለኔ አይደለም የምትነግሪው። አሁን ይኼን ስልክ ዝጊና ለባለቤቱ ንገሪው፤ ሌላ ሰው ሳይነግረው፣ ተደስቶም ሳይገባ። ከዚያ ምን እንዳለሽ እኔ መስማት አለብኝ። ዛሬ ማታ፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ትደውይልኛለሽ። "ካርድ አልቆብኝ" አይሠራም፣ "እንቅልፍ ወስዶኝ" አይሠራም። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጠብቅሽ። በይ፣ ዝጊ!